ጋጣ የገባ ፈረስ ፋንድያው ደረቀ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ ከወረኢሉ ነው። የጋሪ ፈረሴ የግራ ፊት እግሩ ጅማት፣ ከጉልበቱ በታች ከኋላ በኩል፣ አብጦ ጋጣ ከገባ 12 ቀኑ። ጠዋትና ማታ 20 20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰስኩበት እብጠቱ ጎድሏል፤ ሲዳሰስ ግን አሁንም ይሞቃል። ገብሱን አቁሜ ድርቆሽና ጭድ ብቻ ነው የምሰጠው።

አሁን የጨነቀኝ ሆዱ ነው። ፋንድያው እንደ ጠጠር ደርቆ አንሷል፣ ላዩን ነጭ ልጋግ ሸፍኖታል። በዚህ ብርድ ውሃ ከግማሽ ባልዲ በላይ አይጠጣም። ገና ሆዱን ዞሮ አያይም፣ አይንከባለልም። እንዳላንሸራሽረው ለጅማቱ ፈራሁ፤ ዝም እንዳልል ቁርጠት ይገለዋል። የእንስሳት ሐኪም የሚደርሰው ከነገ ወዲያ ነው። እስከዚያ ለብ ያለ ውሃ በትንሽ ጨው ልስጠው? ጭዱንስ ትቼ እርጥብ ሣር ላጭድለት? ክብደቱን ሁሉ የተሸከመው ቀኝ እግሩስ እንዳይጎዳ በምን ልጠቅልለው?