ከሽንኩርት ማሳ ወደ ጉማራ ወንዝ የሚገባውን ማዳበሪያና ኬሚካል በትንሽ ወጪ መቀነስ

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ጉማራ ዳር፣ በበጋ በሞተር እየሳቡ ሽንኩርት ለሚያለሙ ገበሬዎች ምክር ልናዘጋጅ ነው። ማሳው ሩብ ሄክታር ያህል ሆኖ እስከ ወንዙ አፋፍ ይታረሳል። የፀረ ተባይ መርጫ የሚታጠበው ወንዝ ውስጥ ነው፤ ዩሪያም ላይ ላዩን ይበተናል። ክረምት ላይ እዚያው ሩዝ አለ። እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም በ2011 (እ.ኤ.አ.) ጉማራ በሚገባበት ጣና ሐይቅ ላይ ከታየ ወዲህ ስለ ማዳበሪያው ብዙ ይወራል፤ ገንዘብ ግን የለም። ወንዙን ተከትሎ ሳር ብንተክል ብቻውን ይበቃል?

ሰብል ጥበቃ
አይበቃም። መጀመሪያ መርጫው! ወንዝ ውስጥ የታጠበ መርጫ ምንም ሳር አያጣራውም።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከልኬት ነው። መርጫው ንጹህ ውሃ ይሞላና 10 በ10 ሜትር መሬት ላይ ተረጭቶ የጎደለው ይለካ። 2 ሊትር ከፈጀ ሩብ ሄክታር 50 ሊትር ይፈልጋል፤ በ16 ሊትር መርጫ ሦስት ሙሉና 2 ሊትር። ይህን ያልለካ ሰው አራተኛውንም ሞልቶ ይበጠብጣል፤ 14 ሊትሩ መሄጃ ያጣል። ወንዙ ደግሞ ቅርብ ነው።

የኬሚካሉ ጠርሙስ ባዶ እንደሆነ፣ ሳይደርቅ፣ ሲሶው ድረስ ውሃ ጨምሮ፣ ከድኖና 30 ሴኮንድ ነቅንቆ መርጫው ውስጥ መገልበጥ ነው፤ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ይበሳ፤ አለዚያ የዘይት መያዣ ሆኖ ቤት ይገባል። የመርጫው እጣቢ እዚያው ሰብሉ ላይ ይረጭ።

የጋራ ማጠቢያ ከፈለጋችሁ 1.5 በ1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሳ.ሜ. የሆነ፣ እጣቢው የሚፈስበት ጉድጓድ ይበቃል። በመጠን ሁለት እጅ የተከተፈ ጭድ፣ አንድ እጅ የማሳ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ተደባልቆ ከወር በላይ ርጥበቱን ይዞ ከተከመረ በኋላ ይሞላበታል። መርዙን የሚሰባብረው ጭዱ ላይ የሚያድገው ፈንገስ ነው። መዳብ ያለበት ፀረ ሻጋታ ግን ስለማይበሰብስ እዚያ አይግባ።

አፈርና ውሃ
በመርጫው እስማማለሁ፤ ጉድጓዱ ግን ለፎገራ አይሆንም። ዋልካው (ጥቁሩ ሸክላ አፈር) በበጋ ይሰነጠቃል፣ እጣቢው በስንጥቁ ይወርዳል። ክረምት ላይ ሜዳው በጎርፍ ይዋጣል፤ ውሃ የተኛበት ፈንገስም ይታፈናል። ስለዚህ ድብልቁ ከፍ ካለ ቦታ፣ ከመሬት በላይ፣ በእንጨት ሳጥን ወይም በተቆረጠ በርሜል ይደረግ፤ ክረምት ላይ ይከደን። ጭዱ ስለሚሰምጥ በየዓመቱ ይጨመርበት።

ወደ ሳሩ። ከማዳበሪያው ፎስፈረስ በአብዛኛው ከአፈር ጋር ተጣብቆ ስለሚሄድ አፈሩን የያዘ እሱንም ይዟል። ከዩሪያ የሚመጣው ናይትሬት ግን ሟሙቶ ከሥር ያልፋል፤ ሳሩ የሚይዘው ጥቂቱን ነው።

50 በ50 ሜትር ማሳ ላይ 5 ሜትር ስፋት ማለት 250 ካሬ ሜትር፣ የመሬቱ አንድ አሥረኛ ነው። ገበሬው ይህን የሚለቀው መኖ ሆኖ ከተመለሰለት ብቻ ነው። አፋፉ ላይ ሁለት መስመር ቬቲቨር የተባለው ሳር (በችግኞቹ መካከል ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ.)፣ ከኋላው ዴሾ የተባለው የመኖ ሳር። ቬቲቨር አፈር ይይዛል፣ ሲጠነክር ግን ከብት አይወደውም፤ ዴሾ ይታጨዳል። ዝናቡ ሲያዝ ይተከል።

ሁለት ነገር ያከሽፈዋል። አንዱ ልቅ ግጦሽ ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ነው፦ ሳር የሚያጣራው ተበትኖ የመጣ ውሃ ነው። በአንድ ቦይ ተሰብስቦ ከመጣ ሰንጥቆት ያልፋል። ስለዚህ የመስኖ ቦዮቹ ጫፍ በአፈር ይዘጋ። ሳሩም ታጭዶ ከቦታው ይውጣ፤ እዚያው ከበሰበሰ የያዘውን መልሶ ይለቀዋል።

ጠያቂ
ዩሪያውስ?

አግሮኖሚ
ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ የ50 ኪሎ ከረጢት 23 ኪሎ ይይዛል። ለሽንኩርት ግማሹ ሲተከል፣ ቀሪው ከወር እስከ ወር ተኩል ባለው ጊዜ። ከመስመሩ 5 ሳ.ሜ. ርቆ ይቀበርና ቀለል ያለ ውሃ ይጠጣ። የሽንኩርት ሥር አብዛኛው ከላይኛው 30 ሳ.ሜ. ስለማይዘልቅ ውሃ ከበዛ ናይትሬቱ ከሥሩ በታች ወርዶ ይቀራል። ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) ሁሉም ሲተከል ይቀበር። ሩዝ ላይ ዩሪያ ከተጨመረ በኋላ የማሳው መውጫ ለአምስት ቀን ያህል ተዘግቶ ይቆይ፤ ሰማዩ ከከበደ ደግሞ ያን ቀን ባይጨመር ይሻላል። ሞተሩንም ከውሃው ጠርዝ አርቁት፤ ነዳጅ ሲሞላ የሚንጠባጠበው ቀላል አይደለም።