የጫት ንግድና የክርስቲያን ሕሊና፦ እምነቱ ያደገ ሰው ከጫት ገበያ መውጣት አለበትን?

አወያይ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦
የተከበራችሁ የቡድኑ አባላት፣ ባለፈው እሑድ ከጉባኤ ስንወጣ የተነሣው ጥያቄ የደጅ ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ወደዚህ አምጥቼዋለሁ። መቃም ለክርስቲያን አይገባም በሚለው ላይ ልዩነት ስለሌለን ወደዚያ አንመለስ። ክርክሩ በሻጩ ላይ ነው። ከአወዳይ የመጣ ጫት ተረክቦ የሚያከፋፍል ወይም ጥላ ዘርግቶ የሚቸረችር አማኝ፣ እምነቱ እያደገ ሲሄድ ሥራውን መተው ግዴታው ይሆናልን? እባካችሁ የማንንም ስም ሳትጠሩ ጻፉ።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር (ሳቢያን)፦
እኔ መተው አለበት ባይ ነኝ። አንድ ሰው ወደ እምነት ሲመጣ በመጀመሪያ የሚታየው የራሱ ነውር ነው፤ ስካሩን፣ ሐሜቱን፣ ቂሙን ያያል፣ ንስሐ ይገባል፣ በዚህም ብዙ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። እያደገ ሲሄድ ግን እጁ የነካው ነገር ሁሉ የት እንደ ደረሰ መከታተል ይጀምራል፤ ትናንት «ሸጥሁ፣ አተረፍሁ» ብሎ የዘጋውን ሒሳብ ዛሬ በገዢው ቤት በኩል ደግሞ ይከፍተዋል።

ይህ ከራሴ ያመጣሁት አይደለም። በግዕዝ በደረሰን፣ ሲኖዶስ በሚባለው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ውስጥ ለጥምቀት የሚቀርብ ሰው ሥራው ምን እንደሆነ እንዲጠየቅ፣ ጣዖት የሚቀርጽ ወይም ጋለሞቶችን የሚያስተዳድር ቢሆን ሥራውን እንዲተው፣ እምቢ ካለም እንዲመለስ ታዝዟል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 እንደምናነበው በኤፌሶን ያመኑት አስማተኞች ዋጋቸው 50,000 ብር የተገመተ መጻሕፍት በሰው ሁሉ ፊት አቃጠሉ እንጂ ለሌላ አስማተኛ አልሸጡም። በዚያው ምዕራፍ ብር ሠሪው ድሜጥሮስ ሁከት ሲያስነሣ ከአማልክቱ ክብር በፊት የጠራው የገበያውን ጉዳይ እንደነበረ ልብ በሉልኝ። በከተማችንም ከቀትር በኋላ በርጫ የሚቀመጥ የቀን ሠራተኛ የዕለት ገቢውን እኩሌታ ለምርቃናው፣ የተረፈውን ደግሞ ምርቃናውን ለሚሰብርበት መጠጥ ሲያውል፣ ሻጩ «እኔ አላስገደድሁትም» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም።

ቸርቻሪ (መጋላ)፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ያክብርዎ። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚህ ሥራ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልሁም። ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው «ምን እናድርግ?» ባሉት ጊዜ ከታዘዘላቸው አብልጠው እንዳይወስዱ ነገራቸው እንጂ ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም፤ ለጭፍሮችም እንዲሁ። ታኅሣሥ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል ስለቱን ይዞ የሚወጣውን ሕዝብ፣ ገንዘብህ ከቡና ነው ከጫት ብሎ የሚጠይቀው የለም። ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጥ የተባረከ፣ እኛ ስናገኘው ግን የተረገመ የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

እምነት አልለወጠኝም ማለቴ ግን አይደለም። ጫት ውሎ ማደር የማይወድ ዕቃ ስለሆነ ወደ አመሻሽ ላይ ዱቤ የማይሰጥ ቸርቻሪ የተረፈውን ለፍየል መጣሉ ነው። ቀድሞ የዱቤ ደብተሬን ስገልጥ የሚታየኝ ያልተከፈለኝ ብር ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ ስም ቤት ሆኖ ይታየኛል፣ ይኼኛው ሚስቱ አራስ ናት፣ ያኛው የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ገና አልከፈለም እላለሁ። ስለዚህ ደመወዙን ላልተቀበለ ሰው በዱቤ መስጠት ትቻለሁ፤ የደንብ ልብስ የለበሰ ተማሪ ከመጣ ግን ብሩን በእጁ ይዞም ቢሆን አልሸጥለትም። አጠገቤ የምትሸጠው ሴት «አንቺማ መነኮስሽ» እያለች ትስቅብኛለች። ይህ በእምነት ማደግ ካልሆነ ማደጉ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ።

የወንጌላውያን አማኝ (ገንደ ቆሬ)፦
እኅቴ የጻፉት ከመምህሩ ጥቅሶች ይልቅ ልቤን ነክቶታል፤ የምጠይቅዎም ስለዚሁ ነው። የአራሷን ባል በዱቤ ካልሸጡለት፣ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ለምን ይሸጡለታል? ገንዘቡ ያው ከዚያችው አራስ ቤት የወጣ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ጣዖት መሥዋዕት ሲጽፍ ሥጋው ምንም እንዳልሆነ እያወቀ፣ ወንድሙን የሚያሰናክለው ከሆነ ለዘላለም ሥጋ እንደማይበላ ተናግሯል። በእርስዎ ደብተር ላይ ያሉት ስሞች እነዚያ ወንድሞች ናቸው።

የግብርና ባለሙያ (ሐረር)፦
ሁላችሁም ክርክሩን በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ በተቀመጠች አንዲት ሴት ጫንቃ ላይ መጣላችሁ አልተዋጠልኝም። በሐረርጌ ደጋ ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት የተከለው ኃጢአት ጥሞት አይደለም። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ይለቀማል፣ ዋጋውም ገበሬው በማያውቀው ገበያ ይወሰናል፤ ጫት ግን ውኃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም በዚያው ቀን እጅ ይገባል። ብሪታንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ጫትን ስትከለክል ያ ገበያ ቢዘጋም፣ የጅቡቲና የሶማሊያ ገበያ አልቆመም፤ መንግሥትም ከዚህ ሁሉ ቀረጥና የውጭ ምንዛሪ ይሰበስባል። የሐሮማያ ሐይቅ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ሲደርቅ ደለሉና ለከተሞች የሚሳበው ውኃ ብቻ ሳይሆን የጫት መስኖም ድርሻ ነበረው። በቅርብ ዓመታት ውኃ ቢመለስበትም ነገሩ አላበቃም። እንግዲህ እምነት ዓይንን ይከፍታል ካላችሁ እስከ ሐይቁ ድረስ ይክፈት፤ በቀረጡ የተሠራውን መንገድ የምንጠቀም ሁላችን ተጠያቂዎች መሆናችንም አብሮ ይታየን።

በነገራችን ላይ፣ ጫትን በጅምላ ስታወግዙ ቃላችሁን መዝኑ። በሐረር ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሌሊቱን ሙሉ በዚክር፣ ማለትም የፈጣሪን ስም በማወደስ ሲያድሩ ለትጋት የሚጠቀሙበት የቆየ ልማድ አላቸው። እኛ ለራሳችን የምናወጣው ሥርዓት በእነርሱ ላይ የሚሰነዘር ስድብ መሆን አይገባውም።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር (ሳቢያን)፦
ስለ ጎረቤቶቻችን የተባለውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። «ሁላችን ተጠያቂ ነን» የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ማንም ተጠያቂ አይደለም ወደማለት ያደርሳል፤ ቀረጡን የሚሰበስበው መንግሥት ንስሐ ሊገባልን አይችልም። ስለ ስለቱ የተጠየቅሁትን በተመለከተ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 የጋለሞታን ዋጋ ለስለት ማቅረብን ይከለክላል። ጫት መሸጥ ከዚያ ጋር አንድ ነው አልልም፤ የገንዘብ ምንጭ ለእግዚአብሔር ቤት ግድ እንደሚለው ግን ከዚህ ይታወቃል፣ አለመጠየቃችንም የእኛ የአገልጋዮች ድካም ነው። የዮሐንስ ቀራጭ የተፈቀደለት በልኩ ከሰበሰበ ማንንም የማይጎዳ ሥራ ነበር። እኅታችን እርስዎ ልኩን ፈልገው ተማሪውንና ባለ ዱቤውን አስወጥተዋል፤ ልኩን ሲፈልጉ ከቀሩት ደንበኞች ስንቱን በሰላም ሊሸጡለት እንደሚችሉ ራስዎ ይንገሩን።

ቸርቻሪ (መጋላ)፦
የገንደ ቆሬው ወንድሜና መምህር የጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ነው፣ እኔም በአንድ እመልሳለሁ። ከደንበኞቼ አብዛኞቹ ለቤታቸው የማይተርፍ ገንዘብ ይዘው የሚመጡ ናቸው፤ ጥሬ ገንዘቡ ይህን እንደማይለውጠው አውቃለሁ። ይህን ባውቅም ነገ ጠዋት ጥላዬን ባላነሣ የቤት ኪራዩን የሚከፍልልኝ እውቀቴ አይደለም። ሽንኩርትና ቲማቲም መቸርቸር እችላለሁ፤ ለዚያ ግን መነሻ ያስፈልገኛል፣ ዕቁቤ ደግሞ ዕጣው ገና አልደረሰኝም። መምህር፣ በጉባኤው ለችግረኞች የሚሰበሰበው ገንዘብ ለቀብርና ለሕክምና እንደሚውል አውቃለሁ፤ ከዚህ ሥራ ለመውጣት ለሚፈልግ ሰው በብድር ሊሰጥ ይችላልን? ይህንን ኮሚቴው ወስኖ ይንገረኝ። ከተፈቀደ የዱቤ ደብተሬን ሳልሰበስብ እተወዋለሁ፣ በውስጡ ያለውን ዕዳ ከማንም አልጠይቅም።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር (ሳቢያን)፦
እስካሁን ለንግድ መነሻ አበድረን አናውቅም። ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጌ ለኮሚቴው አቀርባለሁ፤ የግብርና ባለሙያው ወንድማችንም ስለ አትክልቱ ገበያ ሐሳብ ቢሰጡን እለምናለሁ።