ከውርጭ በፊት ምን ይነሣ፣ ምን ይቆይ?

ሰላም ወገኖች። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በኪራይ የአትክልት ቦታ የደረሳችሁ አላችሁ። ቀኑ ሲያጥርና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ሁሉንም ነቅሎ መገላገል ያምራል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ገና የሚበላም የሚዘራም አለ።

በመጸው የሥራችን አለቃ የመጀመሪያው ውርጭ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት፣ ትንበያው 3 ወይም 4 ዲግሪ ቢልም መሬቱ ላይ ውርጭ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ዜሮ እስኪል አትጠብቁ።

ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፎሶሊያ፣ ዝኩኒና ዱባ ውርጭ አይችሉም። አንድ ሌሊት ይበቃቸዋል። ቲማቲሙን አረንጓዴም ቢሆን ልቀሙት። ደህና ደህናውን መርጣችሁ፣ ቤት ውስጥ ካርቶን ላይ ከበሰለ ሙዝ ወይም ፖም ጋር አስቀምጡት። ከፍሬው የሚወጣው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ቲማቲሙን ያቀላዋል። ፍሪጅ ውስጥ ግን መብሰሉን ያቆማል። ዱባውን ደግሞ እጀታውን አስቀርታችሁ በቢላ ቁረጡት፤ በእጀታው አንጠልጥላችሁም አትሸከሙት። እጀታው ከተገነጠለ መበስበስ የሚጀምረው በዚያው በኩል ነው። ለ10 ቀን ያህል ሞቅ ያለ፣ ፀሐይ የሚገባበት ቦታ ሲቀመጥ ልጣጩ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ደረቅ ክፍል ውስጥ ለወራት ይቆያል።

ድንች ትዕግሥት ይፈልጋል። ቅጠሉ ሲደርቅ፣ ወይም የሚያጠቁረው በሽታ ሲገባበት፣ አገዳውን ከሥሩ ቆርጣችሁ ከቦታው አውጡ። ድንቹን ግን ለ2 ሳምንት ያህል አትንኩት። በዚህ ጊዜ ልጣጩ ይጸናል፤ ልጣጩ ያልጸና ድንች ሲቀመጥ ቶሎ ይበላሻል። ዝናብ በሌለበት ቀን ቆፍሩ፤ ለጥቂት ሰዓት ይናፈስ። በመቆፈሪያ የተወጋውን ለይታችሁ አስቀድማችሁ ብሉት። ቀሪውን በወረቀት ከረጢት ወይም በጆንያ፣ ጨለማ ቦታ አኑሩ። ብርሃን ያገኘው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ ይመራል፤ ሶላኒን የሚባል መርዝም ስለሚይዝ አይበላም። በፌስታል አታስቀምጡት፤ ታፍኖ ይበሰብሳል። አፈር ውስጥ የቀሩትን ትናንሾቹንም ልቀሙ። የዘንድሮው በሽታ ወደሚቀጥለው ዓመት የሚሻገረው በእነሱ ውስጥ ነው።

ጎመንና ባሮ ሽንኩርት ግን ብርዱን ይቋቋማሉ። ጎመን ውርጭ ከመታው በኋላ እንዲያውም ይጣፍጣል። ተክሉ እንዳይቀዘቅዝ ራሱን ለመከላከል ሕዋሱ ውስጥ ስኳር ያከማቻል። እኔ የዓመቱን ምርጥ ጎመን የምቆርጠው ከውርጭ ማግስት ነው። መረብ አልብሱት እንጂ፤ ሌላ ምግብ ሲጠፋ ርግቦች ይጨርሱታል። ካሮትን በወፍራም ገለባ ከሸፈናችሁት መሬት ውስጥ መቆየት ይችላል። መሬቱ ድንጋይ እስኪሆን የሚቀዘቅዝበት አገር ከሆናችሁ ግን አውጡት። ቅጠሉን ጠምዝዛችሁ ቁረጡ፤ ሳታጥቡ በእርጥብ አሸዋ ደርድሩት።

አሁን የምለምናችሁ ነገር አለ። መሬቱን ራቁቱን አትተዉት። ባዶ አፈር ላይ ዝናብ ሲወርድ ንጥረ ነገሩ ታጥቦ ይሄዳል፤ የተረፈውን አረም ይወርሰዋል። የባቄላና የፎሶሊያ አገዳ ሲያበቃ አትንቀሉት። ከመሬት በላይ ቆርጣችሁ ሥሩን ተዉት፤ እንደ ጠጠር ያሉት የሥሩ እባጮች ናይትሮጅን ይይዛሉ። በላዩ 5 ሴንቲሜትር ያህል ኮምፖስት ወይም የበሰለ ፍግ አልብሱ። መቆፈር አያስፈልግም፤ ትሎች ወደ ታች ይወስዱታል። ኮምፖስት ካልደረሰላችሁ ፕላስተሩ የተላጠ ካርቶን ይበቃል። የወደቀ ቅጠል ስታገኙ አርጥባችሁ በተበሳ ከረጢት አስቀምጡት። እስኪበሰብስ ከ1 እስከ 2 ዓመት ይፈጃል፤ ግን ለአፈር ጥሩ ነው። ሥሩ ያበጠ የታመመ ጎመን ግን ኮምፖስት ውስጥ አታስገቡ።

ከሁሉ የምወደው ሥራ ነጭ ሽንኩርት መትከል ነው። ሌላው ሲያልቅ እሱ ይጀምራል። ፍንካቹን ለያይታችሁ፣ ሹሉን ወደ ላይ፣ በ15 ሴንቲሜትር ርቀት ትከሉ። ጫፉ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር አፈር ይልበስ። ብርድ የግድ ያስፈልገዋል። ብርድ ያላገኘ ነጭ ሽንኩርት ሳይከፋፈል አንድ ድቡልቡል ሆኖ ሊቀር ይችላል። ወፎች ጫፉን እየጎተቱ ካወጡት መልሳችሁ ትከሉት። በሚቀጥለው ዓመት በሙቀቱ ወራት ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ታነሡታላችሁ። ብርድ የሚችል የባቄላ ዝርያ ካገኛችሁ እሱም አሁን ይዘራል።

በመጨረሻ ውላችሁን አንብቡ። በብዙ ቦታ የሚያስተዳድሩት ሰዎች በብርዱ ወራትም ይዞራሉ። አረም የወረሰው ቦታ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ከዚያም ለተረኛ ሊሰጥ ይችላል። ልጅ ልትወልዱ፣ ሥራ ልትቀይሩ ወይም ልትታመሙ ትችላላችሁ። እንዲህ ካለ ቀድማችሁ ጻፉላቸው፤ አብዛኞቹ ይረዳሉ። የውኃ ቧንቧም በብርድ እንዳይፈነዳ ስለሚዘጋ፣ መቼ እንደሚዘጋ ጠይቁ። በርሜላችሁን ቀድማችሁ ሙሉ፤ የውኃ ማጠጫ ጎማው ውስጥ የቀረውን ውኃ አፍስሳችሁ ጠቅልሉት።