ዊንዶውስ 11 አልጫን አለኝ፣ ዲስኩን መንካት ፈራሁ
ጤና ይስጥልኝ። የቤቴ ዴስክቶፕ ኮር አይ 5 ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ ራሙ 8 ጊጋ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ስላበቃ ወደ 11 ላሳድገው ብል፣ ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የታመነ ሶፍትዌር ብቻ እንዲጀምር የሚያደርግ ጥበቃ) ካልበራ አልጫንም አለ። እሱን ለማብራት ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ) ገብቼ ከሌጋሲ፣ ማለትም ከቆየው የአነሳስ ዘዴ፣ ወደ አዲሱ ወደ ዩኢኤፍአይ ስቀይረው ጭራሽ አልነሳ አለ። ጥቁር ስክሪን ላይ «የሚነሳ ዲስክ አልተገኘም» የሚል ነጭ ጽሑፍ፣ በቃ። ወደ ሌጋሲ ስመልሰው ይሠራል።

ዲስኩ የተከፋፈለው በቆየው ዘዴ፣ በኤምቢአር ነው፤ ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ እንዲነሳ ግን ጂፒቲ ወደሚባለው አዲሱ ዘዴ መቀየር አለበት። ኤምቢአር2ጂፒቲ በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ሳስፈትሸው ፓርቲሽኖቹን (የዲስኩን ክፍሎች) አልተቀበለም፤ አራት ፕራይመሪ (ዋና ክፍሎች) ናቸው፣ ትእዛዙ ደግሞ ከሦስት በላይ አይቀበልም። ዊንዶውስ ያለበት ክፍል፣ ሲ ላይ የእናቴ ፎቶዎች አሉ፣ ሌላ ቦታ ቅጂ የላቸውም። መገልበጫ ሃርድ ዲስክም የለኝም።

ከአራቱ አንዱን፣ ባዶውን ክፍል ዲ አጥፍቼ ትእዛዙን ብደግመው፣ ሲ ላይ ያለው ሳይነካ ዲስኩ ወደ ጂፒቲ ይቀየርልኛል?