የሙያ ፈቃድ ቦርድ ሕዝብን እየጠበቀ መሆኑ በምን ይለካል?

መዝገብ አገላባጭ
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ የአንድ ስቴት የሐኪሞች ፈቃድ ቦርድን ሥራ እየገመገምን ነው። ዓመታዊ ሪፖርቱ ይህን ያህል ፈቃድ ሰጠን፣ ይህን ያህል አቤቱታ ዘጋን፣ አንዱን መዝገብ በአማካይ በዚህን ያህል ቀን ጨረስን ይላል። ቁጥሩ ያማረ ነው፤ ታካሚው ከአደጋ መጠበቁን ግን አይነግረንም። ከሺህ ሐኪም ስንቱ ተቀጣ የሚለውን እንያዝ ወይስ የተሻለ መለኪያ አለ?

ኦዲተሩ
ከሺህ ስንት የሚለውን አትጣሉት፤ ብቻውን ግን አትመኑት። ዝቅ ሲል ሐኪሞቹ ጥሩ ሆነው ነው ወይስ ቦርዱ ተኝቶ? አይለይም። ከፍ ሲልም አብዛኛው የተከታታይ ትምህርት ሰዓት ባላሟላ ሰው ላይ የተጣለ መቀጮ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ስረዛን፣ እገዳን፣ ፈቃድ ማስረከብንና የሥራ ገደብን ለብቻ አውጡ።

የቀን ቆጠራውንም መርምሩ። ቆጠራው የሚጀምረው አቤቱታው ከደረሰበት ቀን ነው ወይስ መርማሪ ከተመደበበት? አማካዩ ከተዘጉት ብቻ ከተሰላ፣ ቀላል ቀላሉን እየዘጋ ከባዱን የሚያሳድር ቦርድ ፈጣን መስሎ ይታያል። ስለዚህ ያልተዘጉት መዝገቦች ስንት ጊዜ እንደቆዩ ጠይቁ። በጣም ከዘገዩት 10 በመቶ ውስጥ ያሉትንም አንድ በአንድ ተመልከቱ፤ ከባዱ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ከዚያ ያለ እርምጃ ከተዘጉት 60 መዝገብ በዕጣ አውጡ። ከመቶው 5ቱ ያለአግባብ የተዘጉ ቢሆኑ፣ በ60ው ውስጥ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድላችሁ 95 በመቶ ገደማ ነው። ሁለት የሙያው ሰዎች የቦርዱን ውሳኔ ሳያዩ ለየብቻ ያንብቧቸው፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ይጨመር። አሰልቺ ሥራ ስለሆነ ብዙ ገምጋሚ እዚህ ሲደርስ ይተወዋል።

ፋርማሲው ጥግ
ኦዲተሩ ያለው ትክክል ነው፤ የሚያሳያችሁ ግን ቦርዱ ዘንድ የደረሰውን ብቻ ነው። ትልቁ ቀዳዳ ያልደረሰው ነው።

ከ1990 ጀምሮ የሚሠራ ናሽናል ፕራክቲሽነር ዳታ ባንክ የሚባል፣ በሕክምና ባለሙያዎች ላይ የተወሰደ እርምጃንና የተከፈለ ካሳን የሚይዝ የፌዴራል መዝገብ አለ። ሆስፒታል በሐኪም ብቃት ወይም ሥነ ምግባር ምክንያት የመሥራት መብቱን ከ30 ቀን በላይ ከገደበ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ስለዚህ ሪፖርቱን የማይፈልግ ሆስፒታል እገዳውን ከ30 ቀን አያሳልፍም። ወይም ምርመራ ሳይከፍት «በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ» ብሎ ይሸኘዋል፤ ምርመራ ተከፍቶ ቢሆን መልቀቁም ይመዘገብ ነበር። የካሳ ስምምነት ላይም የሐኪሙ ስም ተሰርዞ ሆስፒታሉ ብቻውን ከከፈለ ሐኪሙ አይመዘገብም። በ2017 ዕድሜ ልክ የተፈረደበት የዳላሱ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ፈቃዱ በ2013 እስኪታገድ ድረስ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየተዘዋወረ ታካሚ ይጎዳ ነበር።

የመዝገቡ ስም አልባ ቅጂ በነፃ ይወርዳል። እያንዳንዱ ባለሙያ በመለያ ቁጥር ስለተቀመጠ፣ ሆስፒታል እርምጃ ወስዶበት ቦርድ ዝም ያለውን መቁጠር ይቻላል። ፐብሊክ ሲቲዝን የተባለው የሸማቾች ተሟጋች ድርጅት በ2011 እንዲሁ ሲያደርግ፣ ሆስፒታል ከቀጣቸው 10,672 ሐኪሞች 55 በመቶው የትኛውም ስቴት ቦርድ አልነካቸውም። የናንተን ስቴት ስትቆጥሩ የሌላ ስቴት ቦርድ የወሰደውን እርምጃ ለብቻ ያዙት፤ አለዚያ የጎረቤት ሥራ ለናንተው ቦርድ ይቆጠርለታል።

ሹሩባ ቤት
እኔ ደግሞ አቤቱታውን ማን አቀረበው የሚለውን አስቀድማለሁ። የሰሜን ካሮላይና የጥርስ ሕክምና ቦርድ ስምንት አባላት ነበሩት፤ ስድስቱ የጥርስ ሐኪሞች። ጥርስ የሚያነጡ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ሥራ እንዲያቆሙ ቢያንስ 47 ደብዳቤ ጻፈ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2015 ቦርዱ ሲሸነፍ፣ ከአቤቱታዎቹ ጥቂቱ ብቻ ስለ ጉዳት እንደሚናገሩ፣ አብዛኛው ያሳሰበው የዋጋው መርከስ እንደነበር ውሳኔው አስፍሯል። ቴክሳስም በዚያው ዓመት ለሹሩባ ሠሪ ፈቃድ መጠየቁን ትታለች። አቤቱታውን የተጎዳው፣ ተፎካካሪው፣ የሥራ ባልደረባው፣ መድን ድርጅቱ ብላችሁ ከፋፍሉት፤ ተፎካካሪው ከበዛ ቦርዱ ገበያ ጠባቂ ነው።

ማን አቤት ማለት አልቻለም የሚለውም አለ። ቅጹ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይፈረም ካለ፣ የእኛ እናቶች አይሞሉትም። ዲሲ የ2004 የቋንቋ ሕግ አላት፤ አማርኛም ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሌላው ስቴት እንደዚያ አይደለም፤ የአቤቱታ ማነስን እንደ ሰላም አትቁጠሩት።

መዝገብ አገላባጭ
እጅግ አመሰግናለሁ። ቦርዱ «የምርመራ መዝገብ ምስጢር ነው» ቢለንስ?

ኦዲተሩ
ሥልጣን ይወስነዋል። ቴክሳስ የመሥሪያ ቤቶችን መቀጠል እንዲገመግም በ1977 ያቋቋመችው የሰንሴት ኮሚሽን ሠራተኞች የመሥሪያ ቤቶችን ሰነድ የማየት ሥልጣን በሕግ አላቸው። ቦርዱም በየ12 ዓመቱ ገደማ ካልታደሰ ስለሚፈርስ በሩን ይከፍታል። ማስፈራሪያ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በ2019 የቧንቧ ሠራተኞች ቦርድ ሳይታደስ ቀርቶ ያቆየው የገዢው የአደጋ ጊዜ ትእዛዝ ነው።

ያ ሥልጣን ከሌላችሁ ድረ ገጹ ላይ የሚወጡትን የቅጣት ስምምነቶች አውርዱ። አብዛኞቹ ጥፋቱ የተፈጸመበትን ቀን ይጠቅሳሉ። ከዚያ ቀን እስከ ፊርማው ያለውን ቁጠሩ፤ የቦርዱ ሪፖርት የሚቆጥረው ከአቤቱታው ወዲህ ያለውን ብቻ ነው።