ትልቋ ሴምፐርቫይቨሜ መሃሏ ወደ ላይ እየተመዘዘ ነው

የምኖረው ዴንቨር ነው። አምና ኤፕሪል ላይ አንድ ቀይ ሴምፐርቫይቨም ገዛሁ፤ እዚህ ሰዉ «ዶሮና ጫጩት» የሚለው፣ ቅጠሉ እንደ ጽጌረዳ የሚደራረብ ተክል። ቀለሙ ቁርጥ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ነው። በሸክላ መትከያ፣ ግማሽ የአበባ አፈር ግማሽ ጠጠርና ሻካራ አሸዋ አድርጌ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። ክረምቱን በረዶ ተጭኖት ውጭ ከረመ፣ ምንም አልሆነም። ሰመር ላይ ወደ አረንጓዴ አደላ፤ ቅዝቃዜ ሲመጣ መቅላቱ ስለሚመለስ እሱ አላስጨነቀኝም።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ትልቋ መሃሏ ተነሣ፣ ልክ ጎመን ሊያብብ ሲል እንደሚያደርገው። ብርሃን አንሷት መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ወደሚያገኘው ጥግ ወሰድኳት፤ ውሃም በአሥራ አምስት ቀን አንዴ አደረግኩ። ጭራሽ ስንዝር አለፈች! ጫፏ ላይ ፀጉራም እንቡጥ ይታያል፣ የታች ቅጠሎቿ እንደ ወረቀት ደርቀዋል። አንዲት ሌላም እንዲሁ ጀምራ ስለነበር አገዳዋን ቆረጥኩት፤ በሳምንቷ ጠቁራ በሰበሰች። ያበበችው እንደማትተርፍ የገባኝ ያኔ ነው።

በትልቋ ዙሪያ ስድስት ጫጩቶች፣ ማለትም ከሷ የበቀሉ ትንንሽ ልጆቿ፣ በቀጭን ሐረግ ተያይዘው አሉ። አራቱ ሥር ሰደዋል። ሁለቱ ግን የባቄላ ፍሬ ያህል ናቸው፤ በጣቴ ቀና ሳደርጋቸው ሥር የሚባል የላቸውም። እነዚህን ሁለቱን አሁኑኑ ቆርጬ ልትከላቸው ወይስ እናታቸው አብባ እስክትደርቅ ልተዋቸው?