ኳየሩ ድምፅ ሲይዝ ፎቶው ይጠፋብኛል

ሰላም ወገኖች። 14 ሰው ያለው ኳየር አለን። የዘማሪዎቹን ፊትና እጅ ከቅርብ አንስቼ 6 ፎቶ መርጫለሁ። እነሱ ሲዘምሩ እኔ መድረኩ ዳር ተቀምጬ በሃይድራ (ብራውዘር ላይ በኮድ ምስል ማንቀሳቀሻ) እዚያው ኮድ እጽፋለሁ፤ ፎቶዎቹም ከኋላቸው ግድግዳው ላይ በድምፃቸው ልክ ይደምቃሉ። ያለኝ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ የዩኤስቢ ማይክና አንድ ፕሮጀክተር ነው። የምሠራው ክሮም ላይ ነው።

ችግሩ ረጅም ድምፅ ላይ ነው። "ኣ..." ብለው ሲጀምሩ ፎቶው ቦግ ይላል። ሦስት ሰከንድ ያህል ይቆይና እየደበዘዘ ይጠፋል። እነሱ ግን ገና ትንፋሽ አልጨረሱም! ሲያጨበጭቡ ደግሞ ያለችግር ይዘላል። ትናንት ልምምድ ላይ አንዷ አልቶ ፎቶዋ ሲጠፋ አይታ "ዝም በይ ማለትሽ ነው?" አለችኝ።

ሃይድራ ውስጥ የድምፅ ማለስለሻውን እስከ 0.9 ከፍ አደረግኩ፣ መነሻ ገደቡን ዝቅ አደረግኩ፣ ማይኩንም አስጠጋሁ። ወይ ፍንክች። በፒ5 (ሌላ የኮድ መሣሪያ) ሞከርኩት፣ ያው ነው። በዚያው ማይክ ኦዳሲቲ ላይ ስቀዳ ግን ድምፁ እስከ መጨረሻው እኩል ነው። ስለዚህ ማይኩ ላይ አልፈርድም። የጠረጠርኩት የብራውዘሩን ጫጫታ መቀነሻ ነው፤ የተያዘውን ድምፅ እንደ ፋን ጩኸት ቆጥሮት ይሆናል። ሴቲንጉን ባገላብጥ ማጥፊያ አላገኘሁም።

ክሮም የማይኩን ድምፅ ሳይነካካ ለሃይድራ እንዲያቀብል በምን ኮድ ልዘዘው?